አባት፦ በሕይወት አለ፣ የለም

እኔ አፌ አያርፍም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲያስቀር የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ሰልፍ ላይ አንዱ ሾልኮ ቢገባ ጎትቼ የማስወጣው እኔ ነኝ። እናቴ «አንቺን ያገባ ሰው ጆሮው ይደነቁራል» ትለኛለች። መናገር በነበረብኝ ዕለት ግን ዝም አልኩ። ይኼን የምጽፈውም ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፍኩ ዓመት ነው። ውጤት ሲመጣ ሰፈሩ እልል አለ፤ ምደባ ሲወጣ ግን ቤታችን ጸጥ አለ። የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ መንገዱ ሰላም ያልሆነ ሩቅ አገር ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «ልጅ ልኬ ሬሳ አልቀበልም፣ በቃ» አለች። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ያ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ስለሆነ፣ ብሄድ ኖሮ ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ፈርሜ እገባ ነበር፤ ተምረህ ሥራ ስትይዝ ከደሞዝህ ይቆረጣል፣ አለቀ። የግል ኮሌጅ ግን ገና ከበሩ ክፈሉ ነው የሚለው፤ እኛ ደግሞ የምንከፍለው አልነበረንም።

አባቴ ሸማኔ ነው። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ለሁለት የምትከፈለው በመጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ በመስኮቱ ብርሃን አባባ የሽመና ዕቃውን ተክሎ፣ እግሩን ከሥሩ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል፤ ወዲያ ማዶ አልጋ አለ። አባባ ዝምተኛ ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ ደግሞ የባሰበት ነው፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ እንኳን ሲመጣ «እናትሽን ጥሪያት» ብሎ ወደ ጓዳ ይገባል። በዚህ እንስቅበት ነበር።

አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የተማሪ ክፍያ የሚሸፍን በጎ አድራጎት ድርጅት እንዳለ ሰማን። ቅጹን ከሞላን በኋላ የድርጅቱ ሶሻል ወርከር ቤት ድረስ መጥታ ታያለች፣ ሦስት ጎረቤት ደግሞ ይመሰክራል ተባልን። የመጣችው ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ማዶ ያለውን አጥር እንኳን ማየት በማይቻልበት ቀን። ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ገባችና «የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ ተማሪዋ?» አለችኝ። አባባ ገና ድምፅዋን ሲሰማ ከዕቃው ተነስቶ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቷል።

ሦስቱ ምስክሮች ተደርድረው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንደኛዋ ከአጠገባችን በርበሬ የምትቸረችር፣ እናቴን እንደ እህት የምትወድ ጎረቤታችን ናት። ሴትየዋ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ጥያቄ «አባት፦ በሕይወት አለ፣ የለም» ይላል። ቀና ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ አፏን ሳትከፍት ጎረቤታችን ቀደመች።

«አባትየውማ አረፉ» አለች። «ዓመትም አልሞላቸው። እኛው አይደለን የቀበርናቸው!»

 ሌሎቹ ሁለቱ ምስክሮች መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። እኔ፣ አፌ የማያርፈው እኔ፣ «ኧረ እዚሁ ነው ያለው» ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ኮሌጁ ታየኝ፤ ሐቁ ይኼ ነው። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አሳርፋ፣ ከልቧ አዝና፣ «ነፍስ ይማር» አለች።

«አሜን» አልን።

ነፍስ ይማር ለሚል ሰው አሜን ሳይሉ መቅረት አይቻልም፤ ከአፍ ይወጣል፣ ማንም አያስብበትም። ከሴትየዋ ሌላ አምስት ነበርን፣ እናቴ፣ እኔና ሦስቱ ምስክሮች። እኔ ግን ስድስት አሜን የሰማሁ መሰለኝ። አንዱ ዝቅ ያለ፣ ከሌሎቹ ዘግየት ብሎ የመጣ ነው።  እናቴን አየኋት፤ እሷ ወደ መጋረጃው አታይም።

ሴትየዋ ልትወጣ ስትል የሽመና ዕቃው ላይ ያለውን ያላለቀ ነጠላ በጣቷ ነካ አደረገችና «ይሄስ?» አለች። እናቴ «የእሱ ነው» አለች። እናቴ ያን ቀን ከአሜኑና ከዚህ በቀር ምንም አልተናገረችም፣ እሱም እውነት ነበር።

ከሄደች በኋላ ጎረቤታችን እየሳቀች ጉልበቷን መታች። «የሚሰጡት አባት ለሌለው ብቻ ነው፣ አጣርቼ ነው የመጣሁት! ምነው ፊታችሁ? ይልቅ አመስግኑኝ!» እኔ ያን ጊዜ አፌ ተፈታና የሌለ የስድብ ዓይነት አወረድኩባት። እሷም ተቀይማ እያለቀሰች ሄደች። አባባ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከተተ፣ መወርወሪያውን አነሳ። «ተያት፣ ለአንቺ ብላ ነው» አለኝ። «ተማሪ።» 

ድጋፉ ተፈቀደ። ኮሌጅ ገባሁ፤ አካውንቲንግ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የአንድ ቀን ውሸት መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ ግን ሥራዋን የምትወድ ሰው ሆነች፤ በዚህ ሳልፍ ልያችሁ ብዬ ነው ብላ ድንገት ብቅ ትላለች። አንድ ቀን የመወርወሪያው ድምፅ ከውጭ እየተሰማ በር አንኳኳች። አባባ በምን ፍጥነት ከመጋረጃው ጀርባ እንደገባ አላውቅም። ድሩ ግን ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም ቆማ ስታየው ቆየችና «ነፋስ ነው?» አለች። እናቴ መስኮቱን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ አባባ ቤት ውስጥ መሥራት ተወ። ሽሮ ሜዳ ሌላ ሰው ቤት፣ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ፣ በቀን ሥራ ይሠራ ጀመር። ጉድጓዱን በሳንቃ ከደነው፣ በላዩ ምንጣፍ አነጠፍንበት። ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሦስታችንም ሳንነጋገር እየዞርነው ማለፍ ለመድን።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ሴትየዋ ስትመጣ ጧፍ ይዛ መጣች። «ለእሳቸው ነው» አለች። ከዚያ እናቴን ጠጋ ብላ፣ «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር? በእኛ ደብር ስማቸው ከሙታኑ ጋር እንዲነሳላቸው አደርጋለሁ» አለቻት። እናቴ የሆነ ስም ፈጥራ ብትናገር ማን ያውቅባታል? ግን የክርስትና ስም ነው፤ እናቴ በክርስትና ስም ላይ መዋሸት አልቻለችም። እውነተኛውን ነገረቻት። ሴትየዋ ትንሽ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔ እየጻፈች ሳለ መጋረጃውን አየሁ፤ አባባ ያን ቀን ሥራ አልሄደም ነበር። ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

እንግዲህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ፣ በማናውቀው ደብር፣ ቄሶች አባቴን ከሞቱት ጋር ያነሱታል። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምቷል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይገባ የነበረ ሰው ከበሩ ውጭ፣ አጥሩን ተደግፎ ማስቀደስ ጀመረ። ለምን አልኩት። «እንጃ» አለ። «ገብቼ ስቆም የቆምኩበት ቦታ የእኔ አይመስለኝም።» ቁጣዬ የት እንደሚወድቅ አጣሁ። ጎረቤታችን ላይ እንዳልጮህ ከታረቅን ቆይቷል። ሴትየዋ ላይ እንዳልጮህ የሠራችው ደግ ነገር ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ነገሮች ቀስ እያሉ ተለወጡ። አባባ ሲራመድ ድምፁ አይሰማም፤ ሳሉን አፍኖ መሳል ለመደ። ማንም በር ቢያንኳኳ፣ ዕድር ሰብሳቢም ሆነ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ተነስቶ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፤ ማንነቱን እንኳን አይጠይቅም። እናቴ ሴትየዋ እመጣለሁ ብላ ባስታወቀችበት ቀን ጥቁር ትለብሳለች። አንድ ጊዜ ነገሩን የማታውቅ የታችኛው ሰፈር ሴት በዚያ ጥቁር ልብስ አየቻትና መንገድ ላይ «ወየው! ማንን ነው የጣልሽው!» ብላ ደረቷን መታች። እናቴ እየሮጠች ገብታ በሩን ቆለፈችው። ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ አባባም ሳቀ። ከዚያ አባባ ሳቁን አቋርጦ በሩን አየ።

ከሁሉ የባሰው ግን የአሹቁ ነገር ነው። ሦስታችንም ቁጭ ብለን አሹቅ እየበላን እናቴ ስለ ድሮ ታወራልኛለች። «አባትሽ» አለች፣ «አባትሽ አሹቅ ሲወድ ለጉድ ነበር። ነፍሱን...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። አባባ አጠገቧ ነው፤ እፍኙ ውስጥ አሹቅ አለ። አንዱን አንስቶ አፉ ውስጥ ጨመረና በቀስታ አኘከ። «አሁንም እወዳለሁ» አለ። ድምፁ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። አንጀቴን በላው።

እኔስ? እኔ ጻድቅ ነበርኩ እንዴ! ኮሌጅ ውስጥ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «የለም» እላለሁ፤ ሲጀምር ምላሴ ይተሳሰር ነበር፣ በኋላ እንደ ስልክ ቁጥሬ ቀለለኝ። አንድ ቀን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሽሮ ሜዳ ለአንዷ እህት ምርቃት የሚሆን ቀሚስ ልናይ ሄድን። አባባ የታጠፈ ጋቢ ተሸክሞ ከፊት ለፊታችን መጣ። እሱ ነው ቀድሞ ያየኝ። ዐይኑን አነሳ፣ ጓደኞቼን አየ፣ ከዚያ ፊቱ ባዶ ሆነ፤ ፊት እንዲህ ባዶ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ትከሻዬን ሊነካኝ ትንሽ ሲቀረው አልፎኝ ሄደ። እኔም አልጠራሁትም። አንዷ ጓደኛዬ «ምነው ፊትሽ ገረጣ?» አለችኝ። ጸሐይ ነው አልኳት።

በሦስተኛው ዓመት ኮሌጁ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ውስጥ እንድሠራ ቀጠረኝ። ይኼ ራሱ አንድ የድጋፍ ዓይነት ነው፤ ትሠራለህ፣ ለመጽሐፍና ለታክሲ የሚሆን ይሰጡሃል። የእኔ ሥራ ለአዲስ ተማሪዎች ማስረዳት ነበር። አስረጂ የተባልኩትን ከማስረዳት የበለጠ ደግሞ እቆጣለሁ። «ቆይ፣ ሳታነቢ አትሙዪ!» እላለሁ። «በውጤት የሚሰጥ አለ፤ እሱ ደሃ ሀብታም አይልም፣ ነጥብሽ ከወረደ ግን ያነሱብሻል። በችግር የሚሰጥ አለ፤ እሱ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ያይሻል። ብድር አለ፤ ዛሬ ዝም ይላል፣ ሥራ የያዝሽ ዕለት ይመጣል። ሠርተሽ የምታገኚውም አለ፣ እንደ እኔ። አንዱን ከአንዱ ካደባለቅሽ ጉድሽ ፈላ።» ልጆቹ ይፈሩኛል፣ ግን ይሰሙኛል።

አራተኛ ዓመት ስጀምር አንድ የቀን ሠራተኛ የሚመስሉ አባት ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጫማቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። የእኔው ድርጅት ቅጽ በእጃቸው ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ሰውየው ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ በሕይወት ስላለሁ ይቀርባታል እንዴ?» አሉኝ።

አዎ ልላቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አዎ ብዬ የኖርኩት ነገር ነው። ግን አፌ እምቢ አለኝና የድርጅቱን የመመሪያ ፋይል ከመደርደሪያው አውርጄ ገለጥኩ። ልፈልግላቸው ብዬ ነው። እዚያው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ ድጋፉ የሚሰጠው የቤተሰቡን ገቢ ተመልክቶ ነው፣ የወላጅ መኖር ወይም አለመኖር መለኪያ አይሆንም ይላል። ጥያቄው ቅጹ ላይ ያለው ለመዝገብ ብቻ ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ሰውየው ፊቴን አይተው ደነገጡ። «ተይው ልጄ፣ ካልሆነ እኔ...» ማለት ጀመሩ። «ይኑሩ!» አልኳቸው፣ ጮኼ መሰለኝ፤ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ይኑሩ አባቴ፣ ምንም አይቀርባትም።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገጹን ገለበጥኩ። የሚቀጥለው መስመር ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ተማሪ ድጋፉ ይቋረጥበታል፣ እስከዚያ የተከፈለለትንም ሁሉ ይመልሳል ይላል። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባቴን ያለ ምክንያት ነው የገደልነው። አሁን ደግሞ ላስነሳው ብል ትምህርቴም ቤታችንም አብረው ያልቃሉ።

ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። እናቴ «ላለውም ይሰጣሉ?» አለች፣ ደግማም «በሕይወት ላለውም?» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «የዋሸስ?» አለ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አትናገሪ፤ አንድ ዓመት ነው የቀረሽ።» ተቆጣሁ። «እንዴት ነው ደግሞ እንዲህ የሚቀልህ? አንተ ነህ እኮ የሞትከው!» አልኩት።  ተነስቶ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ማንም በር አላንኳኳም ነበር።

ሴትየዋ በሁለተኛው ሳምንት መጣች። ልናገር ወስኛለሁ። ትምህርቱ ይቅር፣ ያለንን ሸጠን እንከፍላለን ብዬ ቆርጫለሁ፤ ለእነሱ ግን አልነገርኳቸውም። እናቴ ጥቁሯን ለብሳለች፤ አባባ ከሥራ ቀርቶ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቷል። ሴትየዋ የተለመደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅጹን ዘረጋች። «እንደነበረው ነው አይደል የኔ ልጅ? አባት፣ በሕይወት የለም።» እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ነው።

«አለ» አልኳት።

ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«አባቴ አለ። ሞቶ አያውቅም። እዚህ ነው፣ መጋረጃው ጀርባ። አባባ፣ ና ውጣ!»

ምንም የለም። ሳል የለም፣ የአልጋ ድምፅ የለም። እናቴ ድንጋይ ሆናለች። «አባባ!» አልኩ፣ «ውጣ ነው የምልህ፣ ሰምታለች፣ አልቋል!» አሁንም ምንም የለም። አንድ ሰው አንተን እየሰማ ዝም ሲል ዝምታው ትንሽ ይሞቃል። ይኼኛው ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ለቅጽበት ያህል በእርግጥ ማንም ከዚያ ጀርባ የሌለ መስሎኝ ሽምቅቅ አልኩ። ተነሳሁና መጋረጃውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። አልከፈት አለ። ወደ ላይ አየሁ፣ ሽቦው ላይ ምንም አልያዘውም። ከዚያ ወደ ታች ሳይ ጣቶች አየሁ፤ ከውስጥ በኩል፣ ጨርቁን ጨብጠው፣ በጨርቁ ውስጥ ቅርፃቸው ወጥቶ። ጎተትኩ። ጎተተ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ክር ሲስብ የኖረ ሰው ነው፣ አልቻልኩትም።

ሴትየዋ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ጣቶቹን አይታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቷ እንደ ወትሮው አዝኖ ነበር። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለች። «እኔም እናቴ ካረፈች በኋላ ጓዳ ውስጥ ድምፅዋን እሰማ ነበር። ዓመታት ፈጅቶብኛል። አይዞሽ።» እየጎተተች መልሳ አስቀመጠችኝና ውሃ እንዲሰጡኝ አዘዘች። እናቴ ውሃውን ስታቀብለኝ ዐይኗ ዝም በይ፣ ስለ ማርያም ዝም በይ ይለኛል።

ሴትየዋ ቅጹን ሞልታ ጨረሰች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችና ሁልጊዜ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። በላዩ ያለውን አነበብኩ፤ አባት፣ በሕይወት የለም። እስክሪብቶውን ያዝኩ። መጋረጃው እንደተወጠረ ነው፣ ጣቶቹ አልለቀቁም። ሴትየዋ ትጠብቃለች፣ እናቴ ትጠብቃለች፣ እሱም ይጠብቃል። ፈረምኩ። ያን ጊዜ ነው ጨርቁን የለቀቀው።